ሕፃናትን በለዘብታ ስለ ማረም

የዛሬ ሕፃን የነገ ገበሬ፣ ካህን፣ ዳኛና ሹም እንደ መሆኑ መጠን፣ አንድ አገር ስለ ወደ ፊት ኑሮው ሲያስብ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር ልጆቹ በምን ዓይነት ተግሣጽ እንደሚያድጉ ነው። አባቶች «ልጅን በጡት፣ እርሻን በጥቅምት» ብለው የመሰሉት፣ ለሁሉ ነገር ጊዜ እንዳለውና የልጅም ጠባይ በለጋነቱ እንደሚቀረጽ ለማስረዳት ነው። ነገር ግን በጊዜው መጀመር ብቻውን አይበቃም፤ በምን መሣሪያ እንደሚሠራም መለየት ያስፈልጋል።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ሕዝብ ልጁን በጨዋነት ለማሳደግ የሚተጋ ሕዝብ ነው። በብርዳማው በመሐል ሜዳና በሞላሌ ደጋም ሆነ በዓለም ከተማ ዙሪያ፣ ሕፃን ከትንሽነቱ ጀምሮ ታላቅ ሲመጣ ብድግ ማለትን፣ እንግዳን እጅ ማስታጠብን፣ ሽማግሎች ሲነጋገሩ ዝም ብሎ መስማትን ይማራል፤ ጥቂት ከፍ ሲልም በግ ይጠብቃል። በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠናው አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚህ አስተዳደግ ውስጥ ታዛዥነት ከፍ ያለ ስፍራ እንዳለው ገልጿል። ይህ የአክብሮት ልማድ ሊጠበቅ እንጂ ሊናቅ አይገባውም።

ጕዳቱ ያለው ታዛዥነት በሚፈለግበት መንገድ ላይ ነው። አለንጋ፣ ልምጭ፣ ቍንጥጫ፣ ይባስ ብሎም በበርበሬ ጢስ ማጠን፣ በብዙ የኢትዮጵያ ገጠሮች ለልጅ ማረሚያ ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። እነዚህም ሕፃኑን ለጊዜው ጸጥ ያሰኙታል፤ ነገር ግን ጸጥ ማለትና መታረም አንድ አይደሉም። ግልገል የጠፋበትን ትንሽ እረኛ ማሰብ ይበቃል። እውነቱን ቢናገር እንደሚገረፍ የሚያውቅ ልጅ ወይ በግ ቈጠራው ላይ ይዋሻል፣ ወይም አባቱን ፈርቶ በዚያ ብርድ በውጭ ያመሻል። ወዲያው ቢናገር ግን ጅቡ ሳይደርስ ሰው ተጠራርቶ ግልገሉን ሊፈልገው በቻለ ነበር። እንግዲህ ዱላው በጉንም አላዳነ፣ ልጁንም እውነተኛ አላደረገው፤ ያስተማረው መደበቅን ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ የዕድሜን ነገር መለየት ያሻል። የሦስት ዓመት ሕፃን እህል ቢደፋ፣ ወደ እሳት ቢሮጥ፣ በራበውና በደከመው ጊዜ ቢነጫነጭ፣ አለማወቁና ድካሙ ነው እንጂ ዐመፅ አይደለም። ያላወቀውን ሰው እንዳጠፋ አድርጎ መቅጣት ደግሞ የትኛውም ዳኛ የማይፈርደው ፍርድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «መጽሐፈ ምሳሌ በትርን ያዝዝ የለምን?» ሲሉ ይከራከራሉ። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ባስተማረበት ስፍራ፣ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ አስጠንቅቋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን፣ አባት ልጁን አንድ ጊዜ በፊቱ መክበድ፣ አንድ ጊዜ በቃል ተግሣጽ፣ ሌላ ጊዜም በለዘብታና በተስፋ እንዲመራው ይመክራል፤ ዘወትር የሚመታ ልጅ በትሩን ይለምደውና ይንቀዋል ሲልም ያስረዳል። ይኸው አባት ወላጆች ማታ ማታ የቃየልንና የአቤልን፣ የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ ለልጃቸው እንዲነግሩት፣ በሌላው ቀንም እሱ ራሱ መልሶ እንዲተርክላቸው እንዲጠይቁት ያዝዛል። በእሳት ዳር ተረት መንገር ልማዱ ለሆነ ሕዝብ ይህ ምክር እንግዳ አይደለም።

የዘመኑ ምርመራም ከዚሁ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ 75 ልዩ ልዩ ምርመራዎችንና ከ160,000 የሚበልጡ ልጆችን ነገር አሰባስቦ ሲመዝን፣ በጥፊና በመሳሰለው የሚቀጡ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ታዛዥ ሆነው አልተገኙም፤ ይልቁንም ጠበኛነትና የመንፈስ ጭንቀት በእነርሱ ላይ በዝቶ ታይቷል።

እንግዲህ በዱላ ፈንታ ምን ይደረግ ቢባል፣ መልሱ ልጅን መረን መልቀቅ አይደለም። አንደኛ፣ ትእዛዙ ጥቂትና ግልጽ ይሁን፤ ዛሬ ያስቈጣው ነገር ነገ እንዳያስቅ እናትና አባት በአንድ ቃል ይጽኑ። ሁለተኛ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይዛመድ፤ እህል የደፋ ይልቀም፣ ወንድሙን የመታ ከጨዋታው ጥቂት ተለይቶ ይቀመጥና ይቅርታ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ እውነቱን የተናገረ ልጅ በመናገሩ ይመስገን፣ ቅጣቱም ይቅለልለት። አራተኛ፣ መልካም ሲሠራ ዝም አይባል፤ ምርቃት ከልጅ ልብ አይጠፋምና። አምስተኛ፣ የተቈጣ ወላጅ ቍጣው እስኪበርድ ድረስ ከመቅጣት ይታገሥ።

የታወቀ ሥርዓት ከድንገተኛ ቍጣ እንደሚበልጥ የመንዝ ሰው ከጓሳው ያውቀዋል። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት ጓሳው ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሣሩ የተጠበቀው ደንቡን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቀውና በሁሉም ላይ እኵል ስለሚጸና ነበር። የቤትም ደንብ ልጁ አስቀድሞ ሲያውቀው ይከበራል።

በሕግም ረገድ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ፊደል የሚቈጠርበት የዛፍ ጥላም ትምህርት ቤት ነውና፣ የኔታም ይህን ሊዘነጉት አይገባም። በቤት ውስጥ ግን የወንጀል ሕጉ ወላጅ ልጁን በአግባብ ለማሳደግ የሚወስደውን የማረም እርምጃ ለወላጁ ትቶለታል። ስለዚህ ዳኛ የማይገባበትን ቤት ምክር ሊገባበት ያስፈልጋል።

ይህም ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው የነፍስ አባትንና የወረዳ ሹምን ነው። የነፍስ አባት ክርስትና በተነሣ ጊዜ፣ በማኅበርና በሰንበቴ፣ ወላጅን የመምከር ሥልጣን አለው፤ ሹምም ርእሳነ መምህራንን ጠርቶ አለንጋ ከትምህርት ቤት መውጣቱን ሊመረምር ይችላል። ግልገሉ የጠፋበት ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሮጦ ገብቶ እውነቱን የሚናገርበት ቀን ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ታዛዥነትም አክብሮትም በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ከፊተኛው ይልቅ ጸንተው ይኖራሉ።