የተዝካር ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በደምበጫና በቡሬ ገጠር ዕዳ የሚመጣው በማዳበሪያ ብቻ አይደለም፤ ለተዝካር ድግስ በአራጣ በሚወሰድ ብድርም ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በዐርባው ቀን የምትሻው ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው፤ ምጽዋትም ካለን ይሰጣል እንጂ በብድር አይደገስም።

ከዕዳ የመውጣትን ሥርዓት ከነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ እንማራለን (2ኛ ነገ. 4፥1-7)። አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣባት መበለት፣ ማድጋዎቿ በተአምር ዘይት ከሞሉ በኋላ የታዘዘችው ዘይቱን ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው።

እኛም ያለብንን ሁሉ ጽፈን እንወቅ፤ አዲስ ብድር እናቁም፤ ወለዱ የከበደውን እናስቀድም፤ ባይሞላልን ከመሸሽ ይልቅ በሽማግሌ ፊት የመክፈያ ቀን እንቁረጥ። በችግረኛ ላይ አራጣ መጣል በቅዱስ መጽሐፍ የተከለከለ ነው (ዘጸ. 22፥25)፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይቀጣበታል።

እኛ አገልጋዮችም ያልደገሰውን ቤተሰብ አናሳፍር። ለሟች የሚጠቅመው ጸሎቱ ነው፤ ዕዳው ግን ለልጆቹ ይተርፋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።