ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር፦ ተረትና እውነታ

ጨው ውሃ ውስጥ ይጠፋል፣ ጥርት ያለ ውሃ ንጹህ ነው፣ መድኃኒት ሲወፍር ይበረታል። እንዲህ ያለው እምነት በመካነ ኢየሱስ ከተማም ሆነ በጋይንትና በስማዳ ገጠር፣ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ፣ ሥር የሰደደ ነው። ተራ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የመጨረሻው እምነት የሕፃን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

«ጨው ውሃ ውስጥ ይጠፋል»

አይጠፋም። የጨው ፍሬ ውሃ ሲያገኘው ወደ ሶዲየምና ክሎራይድ ቅንጣቶች ይበታተናል፤ እያንዳንዷን ቅንጣት የውሃ ሞለኪውሎች ከበው ይይዟታል። ቅንጣቶቹ ለዓይን ስለማይታዩ ውሃው ጥርት ይላል እንጂ የጨው ክብደትም ጣዕምም እዚያው ነው። ለዚህ ማስረጃው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ራሱ ነው። በአገራችን ገበያ የሚሸጠው ጨው አብዛኛው የሚመጣው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ጨዋማው ውሃ ወደ ገንዳ ይገባል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ ጨው ከታች ነጭ ሆኖ ይቀራል። ውሃ የሚይዘው መጠን ግን ወሰን አለው፤ አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ ጨው ካሟሟ በኋላ ትርፉ ይዘቅጣል። ስኳር ከሆነ እስከ 2 ኪሎ ይችላል።

ስለ ጨው ካነሳን አዮዲኑንም ማንሳት ተገቢ ነው። እንቅርት በደጋው አገር የቆየ ችግር በመሆኑ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በሕግ ተደንግጓል። ይህ አዮዲን በውሃ ይሟሟል። ጨውን ቆሻሻው ይውጣለት ብሎ የሚያጥብ፣ ወይም እየረጠበ እንዲንጠባጠብ የሚተው ሰው አዮዲኑንም አብሮ ያፈሰዋል።

«የጠራ ውሃ ንጹህ ነው»

ክረምት ጉና ተራራ ላይ ዝናብ ሲበረታ የርብና የጉማራ ወንዞች ቀልተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ያ አፈር የሟሟ አይደለም፤ ውሃው እየተሸከመው የሚሄድ ድፍርስ ነው። በባልዲ ተቀድቶ ቢያድር ደለሉ ከታች ይቀመጣል። የሟሟ ነገር ግን ዓመት ቢቀመጥ አይዘቅጥም፣ በነጠላ ቢጠለልም ያልፋል። የተቅማጥ ጀርሞች ደግሞ ሳይሟሙም ከማነሳቸው የተነሳ አይታዩም። ስለዚህ ዓይን አፈሩን ሊለይ ይችላል፤ ጀርሙንና የሟሟውን ነገር ግን አይለይም።

ይህ ልዩነት እርሻ ላይም ይሠራል። እስቴና ጋይንት ድንች የሚመረትባቸው አገሮች ናቸው፤ የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ሲገባ ብዙው ገበሬ ማንኮዜብ ያለበትን ዱቄት ይረጫል። ማንኮዜብ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ ተንሳፍፎ ይቆይና ቀስ በቀስ ይወርዳል። አንዴ ተበጥብጦ በጀርባ መርጫ ውስጥ ከተተወ፣ መጀመሪያ የሚረጨው መስመርና መጨረሻ ላይ የሚረጨው መስመር እኩል መድኃኒት አያገኙም። «መድኃኒቱ አልሠራም» ከማለት በፊት መርጫው በየጊዜው ተነቅንቆ እንደነበር መጠየቅ ያሻል።

«ዩሪያ ትኩስ ነው፣ ያቃጥላል»

አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ እፍኝ ዩሪያ ማዳበሪያ ጨምራችሁ አማስሉት። ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ ይታወቃችኋል፤ ከውጭ በኩል ጤዛ ሊያወጣም ይችላል። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት የሚወስደው ከውሃው ነው። (የተሞከረበትን ብርጭቆ ሕፃናት እንዳይጠጡት መድፋት፣ ብርጭቆውንም ለመጠጥ አለመመለስ።)

ታዲያ ሥሩ አጠገብ የተከመረ ዩሪያ ሰብሉን ለምን ያደርቀዋል? በሥሩ ዙሪያ ያለው ውሃ ከሥሩ ውስጥ ካለው ይበልጥ የሟሟ ነገር ስለሚበዛበት፣ ማለትም ስለሚወፍር ነው። ውሃ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሥሩ ውሃ መሳቡ ቀርቶ ውሃውን ለአፈሩ ይሰጣል፣ ተክሉም እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ይጠማል። ይህን ልብ በሉ፤ ከታች እንደምናየው በሕፃን አንጀት ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

«ጨው ሲጨመር ቶሎ ይፈላል»፣ «ማፍላት ሁሉን ያጠፋል»

ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ላይ ጨው ሲበተን ግር ብሎ አረፋ ይወጣል። የጨዉ ፍሬዎች ለአረፋው መነሻ ስለሆኑት እንጂ መፍላቱ ስለቀረበ አይደለም። እንዲያውም ጨው መፍያውን ከፍ ያደርገዋል፤ ለአንድ ዲግሪ ብቻ በሊትር 60 ግራም ያህል ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ማንም ሊበላው አይችልም።

መፍያውን በእውነት የሚለውጠው ከፍታ ነው። መካነ ኢየሱስ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ከፍታ የመጠጥ ውሃ ሲንተከተክ 3 ደቂቃ ማቆየት የሚመከረው። ይህ ጀርሙን ይገድላል። የሟሟ ማዕድን ግን ንቅንቅ አይልም። በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘውና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ውሃው በተፈላ ቁጥር፣ ውሃው ስለሚተን፣ ይበልጥ ይወፍራል።

የተፈላ ውሃ ጣዕም የለውም የሚሉ ሰዎች ግን ትክክል ናቸው። ሲፈላ የሟሟ አየሩ ወጥቷል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከንጹህ ዕቃ ወደ ንጹህ ዕቃ ደጋግሞ ማንቆርቆር አየሩን ይመልስለታል።

«ለምለም ሲወፍር ይበረታል»

ኦ.አር.ኤስ፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለው ዱቄት፣ ለአንድ ሊትር ውሃ የተመጠነ ነው። በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይይዛል። ግሉኮሱ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ የአንጀት ግድግዳ ሶዲየምን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ያስገባል፣ ውሃም ተከትሎ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ቀመሩን ያቀጠኑት ውሃው ይበልጥ በቀላሉ እንዲገባ ነው፤ አጠቃላይ የሟሟው ቅንጣት መጠን በሊትር ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል ወርዷል። የደማችን 290 አካባቢ ነው።

እናት ልጇ እንዲድንላት ብላ ከረጢቱን በግማሽ ሊትር ብትበጠብጠው 490 ይሆናል፤ ከደም እጅግ የወፈረ። ያኔ አንጀት ውሃ ማስገባቱን ትቶ ከሰውነት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይጨምራል፣ ሕፃኑም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከመጠን በላይ ከቀጠነም ያጣውን ጨው አይተካለትም። በጣሳ ወይም በብርጭቆ መገመት አያዋጣም። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ወይም ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በቂ መለኪያ ነው፤ በፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ለስላሳ መጠጥ አይጨመርበትም፤ ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል።

ሌላው ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው «ሰጠሁት፣ ተቅማጡ ግን አልቆመም» የሚለው ነው። ለምለም ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፣ ሥራውም አይደለም፤ የወጣውን ውሃና ጨው ይተካል። የተቅማጡን ዕድሜ ለማሳጠር ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክ ነው፤ ቢሻለውም መድኃኒቱ እስኪያልቅ መስጠት ያስፈልጋል። ጡት ማጥባትም አይቋረጥም። ዓይኑ የጎደጎደ፣ መጠጣት ያቃተው፣ የሚያስመልሰው ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያለው ልጅ ግን ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አይደለም፤ በመንገድ ላይም ለምለሙን በማንኪያ እየሰጡት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።