የማህፀን በር ካንሰር ክትባት መካን ያደርጋል እንዴ?

«ለሴት ልጆች የሚሰጠው ክትባት መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ በቲክቶክና በቴሌግራም ይዞራል። ሮቤና ጎባ ያላችሁ ወላጆችም «ዶክተር፣ እውነት ነው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

መልሴ አጭር ነው፦ ውሸት ነው።

ክትባቱ የሚከላከለው ኤችፒቪ የተባለውን ቫይረስ ነው። ውስጡ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለም፤ ማህፀንንም አይጎዳም። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ይሰጣል።

እንዲያውም መውለድን የሚነጥቀው ካንሰሩ ነው። ስር ከሰደደ ማህፀን ይወጣል ወይም ጨረር ይሰጣል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው።

የወሬው ክፋት ምን መሰላችሁ? ቪዲዮው በአንድ ቀን ይዳረሳል። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቫይረሱ ከገባ ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ቪዲዮውን ማን እንደላከው የሚያስታውስ የለም፤ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ ናት።

ስለዚህ፦
• ተናጋሪው ማነው? ሙያውስ ምንድነው? ብላችሁ ጠይቁ።
• ሳታጣሩ ሼር አታድርጉ።
• ከተጠራጠራችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ይሄንን ግን ሴት ልጅ ላላቸው ሁሉ ሼር አድርጉላቸው።