ያረጀች ድመት ጆሮዋን ስትፎክት

በወለጋ ምድር በቆሎውና ማሽላው በጎተራ ሲገባ ከጎተራው አጠገብ ድመት መኖሯ የተለመደ ነው። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ባሉት ከተሞችም ባለሱቁና ባለወፍጮው እህሉን ከአይጥ የሚያስጠብቀው በእርስዋ ነው። ይሁን እንጂ ይህች ባለውለታ አሥር ዓመት ካለፋት በኋላ ጆሮዋን ሌት ተቀን ስትፎክትና ራስዋን ስታራግፍ ስናይ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። እርጅና ግን ብቻውን ጆሮ አያሳክክም፤ የሚያሳክከው ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ የጆሮዋን አሠራር እንመልከት። የድመት የጆሮ ቀዳዳ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ ቆሻሻና እርጥበት በቀላሉ አይወጣም፤ እኛም በዓይናችን ብቻ የጆሮዋን ታምቡር ለማየት አንችልም።

ከሚያሳክኩት ሁሉ የታወቀችው የመዥገር ዘመድ የሆነች፣ ነጭ ነቁጥ የምታህል ተባይ ናት። ከእንቁላል ተነሥታ እስክትጎለምስ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ ምልክቷም የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ቆሻሻ ነው። ሮበርት ሎፔዝ የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ይህችን ተባይ ከድመት ጆሮ አውጥቶ በገዛ ጆሮው አስገብቷት ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ተባዮቹ ሲንቀሳቀሱ ድምፃቸው ይሰማው፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይነሡት ነበር። እርሱ የደረሰበትን ጽፎ ነገረን፤ ድመቲቱ ግን ከመፎከት በቀር መናገሪያ የላትም።

ነገር ግን ይህች ተባይ ይበልጡን የምታጠቃው የድመት ግልገሎችን ስለሆነ፣ ባረጀችው ላይ ሌላም መመርመር ይገባል። አንደኛ፣ ባክቴሪያና ፈንገስ የሚያመጡት ቁስለት አለ። ይህ መግልና መጥፎ ሽታ ያለው ሲሆን፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ድመቲቱ አንገቷን ታዘነብላለች፣ ስትራመድም ትንገዳገዳለች። ሁለተኛ፣ የጆሮ ሰም በሚያመነጩት ዕጢዎች ላይ የሚበቅል እብጠት አለ፤ ይህም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ነጭ ጆሮ ያላት ድመት ለብዙ ዓመታት ፀሐይ ስትሞቅ ኖራ በጆሮዋ ጫፍ የማይሽር ቅርፊት ብታወጣ፣ እርሱም የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን የማይደረገውን እንናገር። ላምባም ሆነ ለከብት መዥገር የተዘጋጀ መድኃኒት በድመት ጆሮ አይፈስስም። በተለይ ፐርሜትሪን የተባለው ለውሻ ቢስማማም ድመትን አንቀጥቅጦ ይገድላል፤ ጉበቷ ሊያከሽፈው አይችልምና። በእንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ መግፋትም ቆሻሻውን ያጠልቀዋል እንጂ አያወጣውም።

የሚሻለው የእንስሳት ሐኪም ቆሻሻውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ምክንያቱን እንዲለይ ማድረግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለው ስለሆነ፣ ከዚያ የሚማሩትን ጓደኞቻችንን መጠየቅ አያስነውርም። ነገሩ ተባይ ከሆነ ድመቲቱ ጋብ ስላላት ብቻ መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ የቀረው እንቁላል ይፈለፈላልና። በቤቱ ያሉት ድመቶችና ውሾችም አብረው ይታከሙ።

ወንድሞችና እኅቶች! ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፣ የበላነውን እህል ስትጠብቅ ያረጀችውን ድመት ጆሮዋን ገልጠን እንይላት።