የተሰናበተው ሠራተኛ በቅርንጫፉ መዝገብ

መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ጠረጴዛና ወንበሩን ቆጥሮ ይረከባል። ሰርቨሩንም እንዲሁ። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ መነጋገራቸውን ግን የሚያረጋግጥ ብዙ የለም። በአንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ኔትወርኩ ከተቀየረ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ በቅርንጫፍ ቢሮ ኮምፒውተር በቀድሞ ፓስወርዱ ገብቶ ተገኘ። ዋናው መሥሪያ ቤት የሰውየውን አካውንት በተሰናበተበት ዕለት ዘግቷል፤ ሰነድም አለው። ቅርንጫፉ ግን አልሰማም።

ነገሩን ለመረዳት የአይቲ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዊንዶውስ በሚጠቀም ድርጅት ማን ሠራተኛ እንደሆነና ማን የት መግባት እንደሚችል የሚጻፍበት መዝገብ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይባላል። መዝገቡን የሚይዘው ሰርቨር ደግሞ ዶሜይን ኮንትሮለር ነው። አንዱ ቢበላሽ ሥራ እንዳይቆም ሁለትና ከዚያ በላይ ይደረጋሉ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ወደ ሌላው ይገለበጣል። በአንድ ግቢ ውስጥ ይህ በሴኮንዶች ያልቃል። በተራራቁ ቢሮዎች መካከል፣ ባለሙያው ካላሳጠረው በስተቀር፣ በየ180 ደቂቃው ነው። መገልበጡ ሲቋረጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መዝገብ ይኖረዋል፤ ሁለቱም «ትክክለኛው እኔ ነኝ» ይላሉ።

ባለሙያዎቹ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚሉት «ፒንግ ይመልሳል፣ ኔትወርኩ ሰላም ነው» ነው። ፒንግ መለሰ ማለት ስልኩ ጠራ ማለት እንጂ ተነሣ ማለት አይደለም። መጀመር ያለበት «ሪፕአድሚን» በሚባለው ትእዛዝ ማን ከማን ጋር መጨረሻ መቼ እንደተገናኘ በማየት ነው። ቀኑ ቁጭ ብሎ ይገኛል።

ቀጥሎ ዲኤንኤስ። ሰርቨሮች የሚፈላለጉት በስም ነው፤ ስሙን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። ከዝውውር በኋላ አሮጌው አድራሻ በዲኤንኤስ ውስጥ ይቀራል፤ ወይም ሰርቨሩ ራሱ ዛሬም የሚጠይቀው በቦታው የሌለውን የቀድሞውን ዲኤንኤስ ነው። 8524 የሚል የስህተት ቁጥር ወደዚህ ይጠቁማል። አሮጌውን ምዝገባ መሰረዝ፣ አድራሻውን ማረም፣ ከዚያም «ኔትሎጎን» የተባለውን አገልግሎት አጥፍቶ ማስነሣት ነው፤ ሰርቨሩ ራሱን እንደገና ያስመዘግባል። በእኛው ጉዳይ ጥፋቱ የተገኘው እዚሁ ነበር።

ቁጥሩ 1722 ከሆነና ዲኤንኤሱ ደህና ከሆነ ፋየርዎሉን መጠርጠር ነው። ፖርት 135 ተከፍቶ፣ ንግግሩ የሚቀጥልባቸው ከ49152 እስከ 65535 ያሉት ተዘግተው ይገኛሉ። ዘበኛው የግቢውን በር ከፍቶ የቢሮዎቹን ሁሉ እንደመቆለፍ ነው። የሰዓት ልዩነትም አለ፤ የሁለቱ ሰርቨሮች ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተራራቀ ማንነት ማረጋገጫው አይተማመንም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ይርጋው ነው። አዎ፣ ይርጋ አለው። የተሰረዘ ስም ወዲያው አይጠፋም፤ ሌሎቹ እንዲሰሙ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት 180 ቀን ይቆያል፣ በአሮጌ ሥርዓት ደግሞ 60 ቀን ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ተለይቶ የቆየ ሰርቨር ስረዛውን ሳይሰማ ስለቀረ ሌሎቹ አንቀበልህም ይሉታል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ሰርቨሩም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ከኃላፊነቱ አውርዶ እንደ አዲስ መሾም ነው የሚሻለው። ከዝውውሩ በፊት የተቀዳ የሰርቨር ምስል መመለስ፣ ብዙዎች እንደሚቸኩሉት፣ መዝገቡን የባሰ ሊያዛባው ይችላል።

ተጠገነ ሲባል በዋናው ላይ የሙከራ አካውንት ከፍቶ በቅርንጫፉ መፈለግ ያስፈልጋል። በዚያው ቀን ግንኙነቱ በተቋረጠባቸው ሳምንታት የተሰናበቱትን ሠራተኞች ስም ዝርዝር ከሰው ኃይል አስመጥቶ በሁለቱም መዝገብ አንድ በአንድ ማየት፤ በማን ስም፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ኮምፒውተር እንደተገባም ከሰርቨሩ የደህንነት መዝገብ ሳይሰረዝ ገልብጦ ማስቀመጥ።