ለስደተኛ ጎረቤት የምንሰጠው ሰዓት

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በወርኃ ጽጌ፣ እመቤታችን ልጅዋን አዝላ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን። ከማኅሌት ስንመለስ ግን፣ በግቢያችን ጓዳ ተከራይቶ የሚኖረውን ስደተኛ ሰላም ሳንለው እናልፋለን።

ቃሊቲ የመናኸሪያና የጉምሩክ ሰፈር ስለ ሆነ እንግዳ አይለየውም። ባለፈው ዓመት አንዲት ኤርትራዊት እናት በጎረቤታችን ቤት ክፍል ተከራየች። ባለቤቴ እንጀራ፣ እኔ አሮጌ ካፖርት ይዘን ሄድን። ሴቲቱ አመስግና ተቀበለችን፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትንም ወረቀት ዘርግታ፣ «መምህር፣ ይህ ምን ይላል?» ስትል ጠየቀችኝ። ፊደሉን ታውቀዋለች፤ አማርኛው ግን አልገባትም። የልጅዋ የክትባት ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ባመጣሁት ካፖርት አፈርሁ።

ባለቤቴ በማግሥቱ እናትና ልጅን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከዚያም ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእርስዋና ለሦስት ባልንጀሮችዋ አንድ ሰዓት አማርኛ አስተምራለሁ።

እንግዳን መቀበል ለከተማችን አዲስ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ስደተኞች በሙዚቃ ጓድነት አገራችንን አገለገሉ። ዛሬም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ ልጅ እንደ ዜጋው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ፈቅዷል፤ ነገር ግን እናቲቱን እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚያደርሳት ጎረቤት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ወደ ስደተኛው ቤት ስትሄዱ አስቀድማችሁ «ምን ቸገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰጣችሁትንም ሰዓት በየሳምንቱ አክብሩ፤ ጀምሮ መተው የተሰደደውን ሰው ዳግመኛ ያሳዝነዋልና።