ዋግና ስንዴ፦ አንድ ጂን ለምን አይበቃም?

ስለ እርሻ ምርምር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የጠብታ መስኖን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያረሱ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ግን አንድ ሌላ ችግር በደንብ ያውቃሉ፤ ዋግን። ማሳው አምሮ ቆይቶ ፍሬ ሊይዝ ሲል «ዋግ መታው» ከተባለ፣ የዚያ ዓመት ጎተራ ጎደለ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ዛሬም የሚታገሉት ከዚሁ ጠላት ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋግ ፈንገስ ነው። ቢጫ ዋግ ቅጠሉ ላይ በረድፍ በረድፍ ቢጫ ዱቄት ያወጣል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ አገዳውን በቀይ ቡናማ ቁስል ይሸፍነዋል። ዱቄቱ በነፋስ ከማሳ ወደ ማሳ፣ አልፎም ከአገር ወደ አገር ይጓዛል። ፈንገሱ የስንዴውን ምግብ ስለሚቀማው ፍሬው ይኮሰምናል።

ታዲያ አንዳንዱ ስንዴ እንዴት ይተርፋል? አንዳንድ ጂኖች ለተክሉ እንደ ዘበኛ ናቸው። ፈንገሱ መግባቱ ሲታወቅ፣ የተነካው ሕዋስና ጎረቤቶቹ ራሳቸውን ይገድላሉ። ዋግ የሚመገበው በሕይወት ካለ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ እዚያው በረሃብ ይሞታል። ችግሩ ፈንገሱም ይለዋወጣል። ዘበኛው የማያውቀው ዓይነት ከመጣ በሩ ክፍት ነው።

ይህ በኢትዮጵያ በተግባር ታይቷል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው ይዘራ የነበረ ዝርያ ክፉኛ መታው። ብዙ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ተሸጋገሩ። ከኅዳር 2013 እስከ ጥር 2014 ባለው ጊዜ ግን በደቡብ ኢትዮጵያ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሳ፤ ዲገሉ የተዘራባቸው አንዳንድ ማሳዎች ምርታቸውን ሙሉ በሙሉ ሊያጡ ተቃረቡ። ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ዘር ሲዘራ ውድቀቱም የጋራ ይሆናል።

አዲስ ዘበኛ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ እዚሁ አጠገባችን አለ። በ1906 አሮን አሮንሶን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ በሮሽ ፒና የዱር ስንዴ በቅሎ አገኘ። በዕብራይስጥ «ኤም ሀሒታ»፣ የስንዴ እናት ይባላል። ይህ ሣር ከዋግ ጋር ለሺህ ዓመታት ሲታገል ስለኖረ ብዙ ዓይነት መከላከያ ይዟል። ዋይአር 15 የተባለው ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ጂን የተገኘው ከእስራኤል የዱር ስንዴ ነው። በ2018 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን ጂኑን ለይቶ አሠራሩን አሳተመ።

ኢትዮጵያም ለሌላው ሰጥታለች። በአውሮፓ የሚዘራ ብዙ ገብስ የቅጠል አመዳይ በሽታን የሚቋቋመው፣ ከኢትዮጵያ የገበሬ ገብስ በተወሰደ ጂን ነው። ናሙናው የተሰበሰበው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክም እንዲህ ያለውን ሀብት ለመጠበቅ ነው።

ስለዚህ አዳቃዮች አንድ ጂን ላይ ብቻ አይመኩም፤ ብዙ ጂኖችን በአንድ ዝርያ ውስጥ ይደራርባሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬዎችም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ ኖረዋል። በትግራይ ሐንፈጽ እንደሚባለው፣ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ መዝራት የቆየ ልማድ ነው። አንዱን በሽታ ወይም ድርቅ ቢጎዳው ሌላው ቤተሰቡን ይመግባል።

እዚህ አገር መዝገብ ላይ ብዙ ሽማግሌዎቻችን «ያልተማሩ» ተብለው ተጽፈዋል። የትኛው ዘር ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ፣ የትኛው ዋግ እንደሚችል፣ ለሚቀጥለው ዓመት የትኛው ዛላ ለዘር እንደሚለይ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። ይህ እውቀት ባንክ ውስጥ በተቀመጠው ፍሬ ላይ አልተጻፈም። በሚቀጥለው ሻባት ቡና ሲፈላ የዘሮቹን ስም ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ቅዱት።